የራቢዓ ምንሽር

ከሮቢት በታች፣ ጥቅምት 12 ቀን 1968 ዓ.ም.

ወንድሜ ፈንታው፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከዞብል ግርጌ እስከ ጅቡቲ ያለው በረሃ ብዙ ነገር ያደርቃል፤ ሰላምታዬን እንዳያደርቀው ለአላህ አደራ ሰጥቼዋለሁ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደኅና ነን። ዘንድሮ ማሳችን ከተራራው የወረደውን ጎርፍ እስኪበቃው ጠጥቷል፤ ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ ቆሟል።

መልስ በማዘግየቴ አትቀየመኝ። የሚጽፍልኝ ልጄ ታረቀኝ ነው፤ እሱም ከቆቦ ትምህርት ቤት የሚመጣው ለሰንበት ብቻ ነው። አሁንም አጠገቤ ተቀምጦ «እማ፣ ቀስ በይ እንጂ» እያለ ያስቆመኛል።

ምንሽሩን ለምን አላስረክብም እንዳልሁ ጠይቀኸኛል። ማን እንደነገረህም ዐውቄዋለሁ፤ ሾፌሩ የዓሊማ ባል ነው። ደብዳቤያችንን በመኪናው እስከ አሰብ ስላደረሰልን እግዜር ይስጠው፤ ወሬ ግን ከጨው እኩል ነው የሚጭነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሮቢት ገበያ አዋጅ ተነበበ። መሣሪያ ያለው ወንድ ሁሉ ገበሬ ማኅበሩ ዘንድ ቀርቦ ያስመዝግብ፤ ወረቀት ይሰጠውና ይዞ ይመለሳል። የሟች ጠመንጃ ግን ለመንግሥት ይገባል ተባለ። ባሌ ሞላ ሟች ነው። ስለዚህ የሞላን ምንሽር ላስረክብ ነው።

እምቢ አልሁ። ለምን ብትል፣ አንተ በ65ቱ ክፉ ቀን በእግርህ ወደ ጅቡቲ ከወጣህ በኋላ የሆነውን ሁሉ አልነገርሁህም ነበር። ሞላ የእርዳታ እህል መጥቷል ሲሉት ወደ ዋጃ ሄዶ እዚያው መንገድ ዳር ቀረ። የቀረችን አንዲት ላም ነበረች። ሌቦች መጡ፤ የታጠቁ ሌቦች፤ ሁለቱን በመልክ ዐውቃቸዋለሁ። ምንሽሩን ይዤ ደጅ ወጣሁና «ላሟን የሚነካ እናቱን ያስለቅሳል» አልኋቸው። ሳቁብኝ። አንዴ ወደ ሰማይ ስተኩስ ሳቁ ቆመ። ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ ልጅ የዚያችን ላም ወተት ጠጥቶ ነው የተረፈው። ያን ጊዜ አንድም መንግሥት ደጄ አልመጣም። ዛሬ መጥቶ አምጪ ቢለኝ ምን ብዬ ልስጠው?

አንተ ግን ስለ ራስህ ምንም አልጻፍህም። ጤናህን ንገረኝ።

እኅትህ ራቢዓ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 20 ቀን 1968 ዓ.ም.

እቴ ራቢዓ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከወደቡ ሥራ ወጥቼ ጥላ ፈልጌ አነበብሁት። የላሟን ነገር ሳነብ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥሁ። እኔ በሌለሁበት ያን ሁሉ ስላሳለፍሽ ምን እላለሁ፤ አላህ ይካስሽ።

ቢሆንም ታናሽሽ ነኝና ልናገር፤ አትቆጪኝ። አስረክቢው። የሰው ልጅ ያለ ጠመንጃ መኖር እንደሚችል እዚህ መጥቼ አየሁ። ይህን ከተማ በእሾህ ሽቦ አጥረውታል። በበሩ ስንገባ ፈረንሳዮቹ እስከ እግራችን ጣት ይፈትሹናል። ጥይት ይቅርና ያገራችን ልጅ አንዱ ዳቦ መቁረጫ ቢላ ኪሱ ውስጥ ረስቶ ታስሮ ከረመ። መሣሪያ የሚይዘው ወታደር ብቻ ነው። ሌላው ተጣልቶ ቢመሽበት በጡጫ ተቃምሶ ይተኛል፤ ሲነጋ ሁለቱም በሕይወት አሉ።

እንግሊዝ አገር የሚመላለስ አንድ መርከበኛ ደግሞ የባሰውን ነገረኝ። እዚያ ፖሊሱ ራሱ ጠመንጃ የለውም አለ፤ ዱላ ብቻ ይዞ ይዞራል። ገበሬው ወፍ መምቻ መያዝ ይችላል፤ ግን ከፖሊስ ወረቀት ያወጣል። ትልቅ ጠመንጃ ከሆነማ ፖሊሱ ቤቱ ድረስ መጥቶ «የት ነው የምታስቀምጠው? ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ውሸት ነው ብዬ ተከራከርሁት። «አንተ አገር ፖሊሱ ሲመጣ ሰው ምን ያደርጋል?» አለኝ።

እሸቴ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ ወይ ብዬ ለጠየቅሁሽ አልመለስሽልኝም። ሆኖ ከሆነ የሞላ የልብ ጓደኛ ነበርና አማክሪው። ከመንግሥት ጋር አትጋጪ። ታረቀኝን አስቢ።

ጤናዬ ደኅና ነው። አብሽሪ።

ወንድምሽ ፈንታው


ከሮቢት በታች፣ ጥር 9 ቀን 1968 ዓ.ም.

ወንድሜ ፈንታው፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ብርዱ ቢበረታብንም እኛ ደኅና ነን። ምክርህን ታረቀኝ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። እንግሊዝ አገር ያለው ፖሊስ ዱላ ብቻ ይዞ ከመጣ ገበሬው ቢያስገባው አልፈርድበትም። እኛ ዘንድ የሚመጣው ግን በዱላ አይመጣም።

ስለ እሸቴ ዝም ያልሁት የምለው ስላልነበረኝ ነው። አዎ፣ ሊቀ መንበር ሆኗል። አማክሬዋለሁም። «ራቢዓ፣ አስረክበሽ ተገላገይ፤ እኔንም ከነገር አውጪኝ» አለኝ። ከነገር አላወጣሁትም።

በቀጠሮው ቀን ምንሽሩን አንግቼ ሄድሁና ወንዶቹ ከተሰለፉበት ገባሁ። ከፊቴ የነበረው ሰው ዞሮ አየኝና መንገድ የሳትሁ መስሎት «ማስረከቢያው በዚያ በኩል ነው» አለኝ። «ለማስመዝገብ ነው የመጣሁት» አልሁት። ወሬው ከኔ ቀድሞ ጠረጴዛው ደረሰ።

ካድሬው ከደሴ የመጣ ነው፤ ጢሙ ገና እያሰበ ነው።

«መሣሪያው የማን ነው?» አለኝ።

«የኔ።»

«የባልሽ አይደለም እንዴ?»

«ማሳውም የባሌ ነበር። ባሌ ስለሞተ በስሜ መዝግባችሁልኛል። ምነው ጠመንጃው ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ዛለ?»

«ሴት ጠመንጃ ምን ያደርግላታል?»

«ለወንድ የሚያደርገውን።»

ወንዶቹ ሳቁ፤ በኔ ይሁን በሱ አላወቅሁም። እሸቴ አንገቱን ደፍቷል። ያን ጊዜ ካድሬውን እንዲህ አልሁት፦ «አንተ ልጅ፣ ባለፈው ሰንበት ዋርካው ሥር ሰብስበኸን ሴትና ወንድ እኩል ነው ብለህ አስጨበጨብኸን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ወይ ጭብጨባዬን መልስልኝ፣ ወይ ጻፍ!»

ጎረቤቴ ሀሊሜ ከኋላ «ጻፍ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ሴቱ ሁሉ «ጻፍ! ጻፍ!» አለ። ጻፈ። ስሜን ሲጽፍ ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀደው ነበር። አሁን ምንሽሩ በራቢዓ ስም ነው፤ ማኅተም ተመቶበታል።

ታረቀኝ ግን ይህን ሲጽፍልህ ከንፈሩን እየነከሰ ነው። «ሰው ሁሉ ያንቺን ወሬ ያወራል» ይለኛል። ያውራ።

አንድ ሌላ ወሬም አለኝ። ዘማቾቹ ተማሪዎች ማታ ማታ ፊደል ያስቆጥሩናል። እኔና ሀሊሜ ፊት ነው የምንቀመጠው። እስካሁን ስሜን መጻፍ ችያለሁ።

እኅትህ ራቢዓ


ሆዴይዳ፣ መጋቢት 2 ቀን 1968 ዓ.ም.

እቴ ራቢዓ፣

ይህ ደብዳቤ ከሌላ አገር ሲደርስሽ እንዳትደነግጪ። ጅቡቲን ለቅቄ በጀልባ ወደ የመን ተሻግሬያለሁ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ቀኑ ሲደርስ እነግርሻለሁ። ሥራ አግኝቻለሁ፤ ዓሣ ከሚነግድ ሰው ጋር ነኝ።

«ጻፍ!» ያላችሁትን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አብረውኝ የሚሠሩት አብዷል አሉ። የመጀመሪያ ምክሬን ከእንግዲህ አልደግመውም።

ያለሁበትን አገር ብታዪ! ከጅቡቲ የሚለየው በዚህች ጠባብ ባሕር ብቻ ነው፤ ሕጉ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ጠመንጃ ያላነገተ ወንድ አይታይም። ሽንኩርት ሊገዛ ጠመንጃ፣ ጸሎት ሊሄድ ጠመንጃ፣ ሠርግ ሲሆንማ ሰማዩ እስኪጨስ ይተኩሳሉ። ማንም ወረቀት አይጠይቃቸውም። መንግሥት አለ ይባላል፤ ጎሣዎቹ ግን እንደ እንግዳ ነው የሚያዩት።

አንድ ልማዳቸው ደስ አለኝ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሁለቱም ጠመንጃቸውን ለሽማግሌ ያስይዛሉ። ፍርዱን እንቀበላለን ማለታቸው ነው። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ማንም አይነካቸውም። ነውር ነው። ሰውየው ጠመንጃውን የሚሰጠው የሚያምነው ሽማግሌ ስላለ ነው ብዬ አሰብሁ። ጅቡቲ የወሰዱብን በሽቦ ነው። እዚህ በወደዱት ሰው እጅ ያስቀምጣሉ። ያንቺው ካድሬ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሱቁ ሁሉ የጠመንጃ ዕቃ ነው። በአሰብ በኩል፣ በዓሊማ ባል እጅ አንድ የቆዳ ዝናር፣ በሐር የተጠለፈ ማንገቻና በቆርቆሮ የታሸገ የጠመንጃ ዘይት ልኬልሻለሁ። ዘይቱን ጥቂት ጥቂት አድርጊ፤ ሲበዛ አቧራ ይይዛል። የሞላ ማንገቻ ገመድ እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ እንግዲህ ትከሻሽን አይቆርጥሽም።

ወንድምሽ ፈንታው


ሚያዝያ 28 ቀን 1968

ፈንታው ወንድሜ

ይህ የራሴ እጅ ነው። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቅ። በታረቀኝ ማጻፍ አልቻልሁም። ነገሩ ስለ እሱ ነው። እሱ እንዳይሰማ።

ዝናሩ ደርሷል። ማንገቻውም። ዘይቱም። አላህ ይስጥህ። ዝናሩን ያየ ሁሉ አወራ። ካድሬው ከውጭ ከማን ጋር ትጻጻፊያለሽ አለኝ። ከወንድሜ አልሁት።

አሁን ዘመቻ መጣ። ወደ ሰሜን። መንግሥት ጠመንጃ አይሰጥም። ባለ ጠመንጃው ሁሉ የራሱን ይዞ ይዝመት ተባለ። ዓመቱን ሙሉ ያስመዘገቡን ለዚህ ነው። መዝገቡን ይዘው ቤት ለቤት ይጠራሉ። የኔም ስም ተጠራ። እሄዳለሁ አልሁ። ካድሬው ሳቀ። ሴት አትዘምትም አለ። ልጅሽ ምንሽሩን ይዞ ይሂድ አለ። ሴት እኩል ናት ብለህ አልነበረም አልሁት።

ይግረምህ። ታረቀኝ መሄድ ይፈልጋል። ዝናሩን ታጥቆ ጓሮ ለጓሮ ይዞራል። ጓደኞቹ ሁሉ ይሄዳሉ። የእሸቴ ልጅ ሙሉጌታ ይሄዳል። ሲመለሱ መሬት እንደሚሰጣቸው ተነግሯቸዋል። አትሄድም አልሁት። እማ እኔ ወንድ ነኝ አለኝ።

ጠመንጃ የሌለው ግን አይወሰድም። ካድሬው በአፉ ነው ያለው። ባዶ እጁን የመጣ ዘማች አንወስድም ብሏል። ይህን ቃል ይዣለሁ።

ምን ላድርግ። ቶሎ ጻፍልኝ።

ራቢዓ


ሆዴይዳ፣ ግንቦት 14 ቀን 1968 ዓ.ም.

እቴ፣

በእጅሽ የጻፍሽው ደረሰኝ። አልሳቅሁም።

ሰላምታውን ለሌላ ቀን። ታረቀኝን ከዓሊማ ባል መኪና ላይ ጫኚው፤ አሰብ ላይ የሚቀበለው ሰው አለኝ፤ ወደኔ ይሻገር። እምቢ ካለ ምንሽሩን ለአፋር ሽጪው፤ ካልሆነ ቅበሪው። ጠፋ በያቸው፣ ተሰረቀ በያቸው። እባክሽ ፊት ለፊት አትጋፈጪ።

ከጅቡቲ ለምን እንደወጣሁ አሁን ልንገርሽ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነበር፤ የራያ ልጅ፣ ከጎብዬ። በሽቦው በር ላይ ወታደሩ ቁም ሲለው ቋንቋው አልገባውምና ሁለት እርምጃ ሄደ። ተኮሰበት። ባዶ እጁን ነበር፤ እፍኝ ቴምር ብቻ ይዟል። የጮኸለት የለም፤ መጮኽ የሚችል ሁሉ ተፈትሾ የገባ ነው። ከዚያ በኋላ «አስረክቢ» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። «ተኩሺ» የሚለውም አይወጣም። ልጁን አሸሺው፤ ሌላ ምክር የለኝም።

ፈንታው


ከሮቢት በታች፣ ሰኔ 6 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለፈንታው፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ታረቀኝ ነኝ። ግንቦት 14 የጻፍከው ደብዳቤ ዛሬ ደርሶ እኔ ከፈትኩት፤ ይቅርታ። እናቴ ልትከፍተው አልቻለችም። ታስራለች። ቆቦ ነው ያለችው።

እንዳታለቅስ እፈልጋለሁ። እኔ አላለቀስኩም። ተናድጃለሁ። ለአንተ ካልነገርኩ ለማንም የምነግረው የለኝም።

የመነሻው ቀን ዘማቹ ሁሉ ገበሬ ማኅበሩ ደጅ ተሰበሰበ። ከበሮ ይመታል፤ ሴቶች እልል ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ። እኔ ከሙሉጌታ ጋር ቆሜ ነበር። ምንሽሩ ግን እጄ ላይ አልነበረም፤ እማ «እኔ ራሴ አስታጥቅሃለሁ» ብላኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የተሸነፈች መሰለኝ። ከዚያ መጣች። ምንሽሩን በዚያ በሐር ማንገቻ አንግታለች። በእጇ መጥረቢያ ይዛለች። መጥረቢያውን እንጨት ልትፈልጥ የያዘችው መሰለኝ።

ካድሬው አያትና «አያችሁ፣ የአብዮት እናት ማለት እንዲህ ናት!» አለ። ሰው አጨበጨበ።

እማ ካድሬው ፊት ቆመች። «ባዶ እጁን የመጣ ዘማች አንወስድም ብለሃል?» አለችው።

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል?»

«ሰምቷል። ምን ማለትሽ ነው?»

ጥይቱን አንድ በአንድ አውጥታ መሬት ላይ ጣለችው። ማንገቻውን ፈታች። ምንሽሩን ደጁ ላይ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ አጋደመችና መጥረቢያውን አነሣች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ቀድሞ የገባው አያ እሸቴ ብቻ ነው። «ራቢዓ! ራቢዓ! የሞላ አይደለም ወይ!» ብሎ ጮኸ። «የሞላማ ልጁ ነው!» አለችው። ሰደፉን በአንድ ምት ፈለጠችው። ከዚያ ገልብጣ በመጥረቢያው ጀርባ ብረቱን ትቀጠቅጠው ጀመር። አጎቴ፣ ያን ድምፅ ብትሰማው! ከበሮው ቆመ። አፈሙዙ እስኪጎብጥ ድረስ ማንም አልያዛትም፤ ሁሉም እንደ ግንድ ቆሞ ያያል። እየቀጠቀጠች ታለቅስ ነበር፤ ግን እጇ አልቆመም።

ስትጨርስ ላቧን በነጠላዋ ጠረገችና «እንግዲህ ልጄ ባዶ እጁን ነው» አለች። «መንግሥት አምጪ ብሎኝ አልሰጠሁም። ሌባም አምጪ ብሎኝ አልሰጠሁም። ልጄንም አልሰጥም። ብረቱን ከፈለጋችሁ ያውላችሁ፣ ማረሻ አውጡበት።»

ካድሬው «ፀረ አብዮት!» ብሎ ጮኸ። እጇን የኋሊት አሰሯት። እኔን ሊወስዱኝ ሲሉ ሀሊሜ «ቃልህን ብላ እንግዲህ! ባዶ እጁን አንወስድም ያልኸው አንተ አይደለህም?» አለችው፤ ሴቶቹ ከበውኝ ቆሙ። ዘማቹም ማጉረምረም ጀመረ። ካድሬው ሰዓቱ ሄዶበት ነበርና ትቶኝ ሰልፉን አስነሣ።

እነሙሉጌታ እየዘፈኑ ሄዱ። እኔ ሴቶች መሀል ቆሜ ቀረሁ። ሙሉጌታ ዞሮ አይቶኝ ሳቀ። ያን ሳቅ አልረሳውም። በየቀኑ ስንቅ ይዤ ቆቦ እሄዳለሁ፤ ለዘበኛው ሰጥቼ እመለሳለሁ። ፊቷን ማየት አልፈልግም። አንተ ትልቅ ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረድ። እንዲህ ታዋርደኝ?

ታረቀኝ ሞላ


ከሮቢት በታች፣ ኅዳር 17 ቀን 1969 ዓ.ም.

ወንድሜ ፈንታው፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከቆቦ ከተፈታሁ ወዲህ የጻፍሃቸው ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ስላልመለስሁልህ አውፍ በለኝ፤ መጀመሪያ እጄ አብጦ ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ የምጽፈው ሳይሆን የምጽፍበት ልብ አጣሁ። አሁን ይኸው፤ ፊደሌም እየተቃና ነው።

አስረው ምን አደረጉሽ ላልኸው፣ እሱን ተወው። ክረምቱን እዚያ አሳለፍሁ፤ ወጣሁ። እንዴት እንደፈቱኝ ግን ልንገርህ። ወረቀት አመጡልኝ። «ሳላውቅ፣ በስሕተት ነው የሰበርሁት ብለሽ ፈርሚና ቤትሽ ግቢ» አሉኝ። የሚያነብልኝ ሰው ጠሩ። «ራሴ አነባለሁ» አልኋቸው። አነበብሁት። ብዕሩን ተቀበልሁና ከሥሩ «አውቄ ነው የሰበርሁት። ራቢዓ» ብዬ ጻፍሁ። መልሰው አስገቡኝ። ሌላ ጊዜም አመጡ፤ ያንኑ ጻፍሁ። በመጨረሻ እስር ቤቱ ከሰሜን በሸሹ ሰዎች ተጨናነቀና ለኔ ቦታ ጠፋ። እንዲሁ አስወጡኝ።

ዘመቻው የሆነውን ሰምተሃል መሰለኝ። እዚህ ማንም ጮክ ብሎ አያወራውም። እየዘፈኑ የሄዱት አንድ አንድ እያሉ በየጥሻው ተመለሱ፤ አንዳንዱ እያነከሰ፣ ጠመንጃ የያዘ ግን አልነበረም። ብዙው አልተመለሰም። የእሸቴ ልጅ ሙሉጌታ አልተመለሰም። እሸቴ የራሱን አልቢን ጠመንጃ አስታጥቆ ነበር የሰደደው። አብረውት የነበሩት በመጀመሪያው የውጊያ ቀን ወድቆ አይተውታል። እሸቴ ግን እስከ ጥቅምት ድረስ ለቅሶ አልቀመጥም ብሎ ከመንገድ ዳር እየቆመ መኪና ይጠብቅ ነበር።

በመጨረሻ ተቀመጠ። ሄድሁ። ሀሊሜ «አትሂጂ፤ ልትሳለቂ የመጣሽ ይመስላቸዋል» ብላኝ ነበር። የሞላ ጓደኛ ነው፤ እንዴት እቀራለሁ? ታረቀኝም መጣ፤ ከኔ ራቅ ብሎ ነው የመጣው፤ ከተፈታሁ ጀምሮ ከ«ውሃ አምጣልኝ» እና ከ«እሺ» በቀር አንድም ቃል አልተለዋወጥንም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ እሸቴ ቀና ብሎ አየኝ። የሚሰድበኝ መሰለኝ፤ ልቀበለውም ተዘጋጅቼ ነበር።

«ራቢዓ» አለኝ። «ምነው ያን ዕለት መጥረቢያሽን ይዘሽ በኔም ደጅ ባለፍሽ።»

አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ እሱም አለቀሰ። ስንመለስ ታረቀኝ ከኋላዬ ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቀደመኝና «እማ፣ እጅሽን» አለ፤ እጄን ይዞ አሻገረኝ። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። እጄን ሳላስለቅቅ ተሻገርሁ።

ሌላ ጠመንጃ ልላክልሽ ወይ ላልኸው፦ አሁን አትላክ። ሰብሬዋለሁ ብዬ ቀላል መስሎህ እንዳይሆን። የሞላን እጅ የሰበርሁ ያህል ነው የሚያመኝ፤ ጅብ በጮኸ ቁጥር እጄ ምንሽሩ ተሰቅሎ ወደነበረበት ግድግዳ ይሄዳል። ጠመንጃ መያዝ ክፉ ነው ብዬ አይደለም የሰበርሁት። ባለቤቱን የሚያሳድድ መዝገብ ላይ ስለወጣ ነው። እንደ የመኖቹ በእምነት የማስይዘው ሽማግሌ የተገኘ ዕለት፣ ያን ጊዜ ላክልኝ።

አሁን ስላለንበት ልንገርህ። ካድሬው ተለውጦ ሌላ መጥቷል። ባለፈው ሳምንት ዋርካው ሥር ሰበሰበን። ሌላ ዘመቻ ነው። መዝገቡን ዘረጋና «ሊቀ መንበር፣ በዚህ ቀበሌ ያለው መሣሪያ ስንት ነው?» አለ።

እሸቴ ተነሣ። ጥቁሩን ገና አላወለቀም።

«የለም» አለ።

«እንዴት የለም? ይህን ያስመዘገብከው አንተው አይደለህም?»

«እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ነበረ።»

«አሁንስ የት ገባ?»

«ከልጆቻችን ጋር ሄደ። ልጆቹን መልስልንና ጠመንጃውን ቁጠር።»

ያልዘመተ ሽማግሌ ሁሉ ቤት ምን እንደተቀበረ እሸቴ ያውቃል፤ እኔም ዐውቃለሁ፤ ካድሬውም ሳይጠረጥር አይቀርም። ወደ ሕዝቡ ዞረ። አንድ በአንድ ስም እየጠራ ጠየቀ። የተጠራው ሁሉ እየተነሣ «የለኝም» ብሎ ተቀመጠ። ታረቀኝን ጠራው። ልጄ ተነሣና «የኛን እናቴ ሰብራዋለች፤ ብትሰብር ደግ አደረገች» አለ። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ፤ መሬት መሬቱን አየሁ።

ካድሬው መዝገቡን አጠፈ። «ቅዳሜ ወታደር ይዤ መጥቼ ቤት ለቤት እፈትሻለሁ» አለ።

ፈርታችኋል ወይ እንደምትል ዐውቃለሁ። አዎ፣ ፈርተናል። እሸቴን ሊያስሩት ይችላሉ፤ እኔንም መልሰው ይወስዱኝ ይሆናል። ግን ቅዳሜ ቀጠሮ አለን። የእሸቴ ማሽላ ደርሶ አጫጅ አጥቷልና ቀበሌው ሁሉ ለደቦ ወጥቶ ሊያጭድለት ነው። የሚፈተሸው ቤት ሁሉ ክፍት ነው፤ ሰው ግን አያገኝበትም። ታረቀኝ ማጭዶቹን ሲስል ነው የዋለው። ካድሬው ከፈለገ ማሳው ድረስ ይምጣ፤ አንድ ማጭድ ትርፍ አለን፤ ለእሱ እንሰጠዋለን።

እኅትህ ራቢዓ